ሊያን ከቧንቧ ውሃ ሳድናት

ሰኞ
ተያዝኩ። ልጄ ሰብለ የልጇን የሊያን የጥርስ ሳሙና አገላብጣ አነበበችና «አባዬ፣ ይሄ እኮ ፍሎራይድ የለውም፤ እኔ የገዛሁት የት ሄደ?» አለችኝ። የት ይሄዳል፤ እየጣልኩት ዓመት አልፎኛል። በቧንቧ ውሃ ፋንታ ለሊያ የማጠጣትን፣ አልጋ ሥር የደበቅኩትን የታሸገ ውሃም አገኘችው። ሰብለ ሥራ ስትውል የልጅ ልጄን የምጠብቃት እኔ ነኝ። ዛሬ ሐኪሙ ሦስት ጥርሶቿ ተበልተዋል ብሏል። በአምስት ዓመቷ! ከረሜላውንም የምሰጣት እኔ ነኝ፤ እሱን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ማክሰኞ
ሊያ አልመጣችም። ሰብለ ቴክስት አደረገች፤ «ለጊዜው ዴይኬር አስገብቻታለሁ።» ለጊዜው! እስከ መቼ? እነሱ ኮርነርስቶን ሰፈር፣ እኔ አቢዴል ሰፈር ነን፤ ብሄድ እደርሳለሁ፤ ግን ሳይጠሩኝ አልሄድም። ኩራቴ ይድፋኝ። የሊያን ካርቱን ከፍቼ ብቻዬን አየሁት። አንድም ነገር አልገባኝም።

ረቡዕ
ሰብለ ምን ታውቃለች? ዝዋይ አጠገብ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገው ማን ነው? ውሃው ፍሎራይድ እንደሞላው የሰማነው ጥርሳችን ቡናማ ሆኖ ካለቀ በኋላ ነው። የሠርጌ ፎቶ ላይ እንኳ አፌን ገጥሜ የተጣላሁ እመስላለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንድ ቀን እንኳ ስቀህ አሳየኝ» እንዳለች ሞተች። ሰብለ ጥርሴ በሲጋራ የበለዘ ይመስላታል፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ታዲያ እዚህ ውጭ አገርም ከተማው ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ ይጨምራል ሲሉኝ ምን ላድርግ? ሊያም እንደኔ አፏን በእጇ ሸፍና ትኑር?
ዛሬም ማንም አልደወለም። ናፍቃኛለች።

ሐሙስ
አላስችል አለኝና ፎረስት ሎን ሰፈር ያለው ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ጥርስ የምታጸዳው ልጅ አበሻ ናት። አፌን ብዙ ስታየኝ ቆየችና «አባባ፣ አንድም የተበላ ጥርስ የለዎትም!» አለች። ቡናማው በልጅነቴ ከልክ በላይ ፍሎራይድ ስለጠጣሁ ነው አለችኝ፤ እዚህ የሚጨመረው ግን ጥርስ እንዳይበላ ነው፣ ጥቂት ነው፤ ለሊያም ፍሎራይድ ካለው የአተር ፍሬ የምታክል ሳሙና፣ እንዳትውጣት ብቻ። «ወጥ ጨው በዛበት ተብሎ ጨው ይተዋል እንዴ?» አለችኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኔ ነኝ።

ዓርብ
ለሰብለ ደወልኩ። ሺፍት ላይ ስለነበረች አላነሳችም። ቮይስሜሉ ላይ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሳሙናውን፣ ጉድጓዱን፣ ከረሜላውን። ሲጋራ በአፌ ዞሮ እንደማያውቅም።
ከሥራ እንደወጣች በቪዲዮ ደወለች። ዓይኗ ቀልቷል። «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለችና ስልኩን ለሊያ ሰጠቻት።
«አባባ፣ ቲዝህን አሳየኝ!»
ጥርስህን ማለቷ ነው። እጄ እንደልማዱ ወደ አፌ ሄደ። መለስኩትና አፌን ከፈትኩላት።
«ዋው! ሁሉም አሉህ!» አለች። ሳቅኩ፤ ሳልሸፍን።
ሰኞ ትመጣለች ወይ ብዬ ሰብለን ጠየቅኳት። «እስቲ እናያለን» አለች። አትመጣም አላለችም።
ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ጠጣሁ። የሊያንም ኩባያ አጥቤ እዚያው ቧንቧው አጠገብ አስቀመጥኩት።