የድንኳን ሰፊው ታናሽ ወንድም

ይድረስ ለወንድሜ ለሕዝቅኤል፣

ቦረና እንዴት ይዞሃል? ኮተቤ እንደ ወትሮው ብርድ ነው፤ እኛ ደኅና ነን።

ስለ ድሮዋ እንጦጦ የምጽፈው ልቦለድ ገፍቷል። ሀብተወልድ የሚባል፣ ግራ አውራ ጣቱ ቆልማማ የሆነ ድንኳን ሰፊ ፈጠርኩ። ታናሽ ወንድሙን ባንተ አምሳል ነው የሣልኩት፤ መጨረሻውን ግን ገና አልጻፍኩም።

ማክሰኞ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ አንድ አዛውንት ስለ ጥንት ድንኳን ሰፊዎች ጠየቅኋቸው።

«ጣተ ቆልማማውን ሀብተወልድን ነው?» አሉኝ። ስሙን ለማንም ነግሬ አላውቅም። «ታናሽየው እንኳ ቦረና ወርዶ...» ሲሉ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሣሁ።

መጽሐፉን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ የተማሪዎች ፈተና ማረሙ በዝቶብኛል። ፈቃድ ጠይቀህ ለበዓል ብትመጣስ?

ስልክህ አልሠራ ስላለኝ ይህን በሹፌር ልኬዋለሁ። ሲመለስ ሁለት መስመር በራስህ እጅ ጽፈህ ስጠው።

እህትህ ትንሳኤ