የሻረግ እና የገብሱ ጉድጓድ

ላስታ፣ ሚያዝያ 1974 ዓ.ም.

አስመራ ለዘመተው ልጄ ለምናለ፦ እንደምን ከረምክ? የይምርሐነ ክርስቶስ አምላክ ከጥይት ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን።

ሚስትህ የሻረግ ግን አስመሳይ ወጣች። የሻገተውን ገብስ ልታወጣ ጉድጓድ በወረደች ቁጥር ማታውን ታስላለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ጋሸና እናቷ ቤት ስትሰነብት ትሽራለች፤ እኔ ዘንድ ስትመለስ ያገረሽባታል። ለማስመሰሏ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር አለ? የጤና ጣቢያው ሐኪም «የሻጋታው ብናኝ ነው፤ ከጉድጓዱ አርቋት» ቢለኝ ሳቅሁበት። እህል ሰው ያኖራል እንጂ መቼ ያንቃል? እያለቀሰች አወረድኳት። በማግስቱ ወንድሞቿ በቃሬዛ ወደ ጋሸና ወሰዷት፤ ስሰናበታት ዓይኗን እንኳ አልገለጠችልኝም።

አሁን የምወርደው እኔ ነኝ። ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤው ቢዘገይብህ ጸሐፊዬን መሪጌታ አረጋን አትቀየማቸው፤ እስክተነፍስ ድረስ ብዕራቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።

ፈቃድ ከሰጡህ ቶሎ ና። ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ ገለቴ