የባለቤቴን ሳቅ ስላቃኑልን

ለተከበሩ የምስል እንከን ዳኝነት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔና ልጄ ደኅና ነን፤ ሰው እንዴት ናችሁ ሲለን የምንመልሰው እንደዚያ ነው። ለእርስዎ በተለይ የዓይን ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ድርጅትዎ የሚሠራቸውን ቪዲዮ ጌሞች ሁሉ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እየተመለከተ ይህ እንከን ነው፣ ይህ አይደለም እያለ የሚፈርድ ዓይን እንደ ማንኛችንም ዓይን በቸልታ ሊያዝ አይገባውምና። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል። ይህን ያልኩት እንዲያው ተረቱ አፌ ላይ ስለመጣ ነው፤ ክቡርነትዎ ሌላ ትርጉም እንዳይሰጡት አደራ።

ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግሁት በግል የላክኋቸው ሁሉ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስላገኙ ነው። ይህን ያህል ዋጋ ያለውን ነገር እኔና እርስዎ ብቻችንን ደብቀን መያዛችን ንፉግነት መሰለኝ። አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፤ እርስዎም ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውት ይሆናል።

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ልጃችን ከመወለዷ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ የፊቱ ቀኝ ጎን አልታዘዝ አለው፤ ውሎ አድሮ ዓይኑም ቅንድቡም ሲመለሱለት ከንፈሩ ግን እንደተኛ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳቁ ወደ ግራ ብቻ የሚወጣ ሆነ፤ የግራ ጉንጩ እስከ ዓይኑ ሥር ሲሰበሰብ ቀኙ ቀልዱን ያልሰማ ሰው ይመስላል። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ለሚቆም ሰው ይህ እንዴት ቀላል ይሆናል? ደንበኛ ሲያስቀው ትከሻው ላይ የምትውለዋን ፎጣ አንስቶ አፉን ይሸፍንባታል፤ ደንበኞቹ ጨዋነት ይመስላቸው ነበር። ፎቶ እንነሳ ሲባል ስልኩን ቀድሞ ይቀበልና አንሺው እሱ ይሆናል። ያለ ፎጣ የሚስቀው እቤት፣ ከእኔና ከልጁ ጋር ብቻ ነበር። ልጄ ከዚያ ሌላ የአባቷን ሳቅ አታውቅም።

ከደንበኞቹ አንዱ፣ በሰፈሩ ባለ መነጽሩ የምንለው፣ የእርስዎ ድርጅት ባልደረባ ነበር። ለምትሠሩት ጌም የአንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ፊት ፈልጋችሁ ኖሮ፣ ይኸው ሰው ባለቤቴን በመስታወቱ ውስጥ ሲያየው ሰነበተና ፊትህን ብታውሰን ምን ይመስልሃል አለው። ባለቤቴም እንደ ልማዱ በቀልድ ሊያመልጥ ፈልጎ «የእኔ ፊት እኮ ግማሹ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል» ቢለው፣ «እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነው፣ እንዳለ ይምጣ» የሚል መልስ አገኘ። ሄደ። ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ለጠፉበት፣ በካሜራ ከበቡት፣ ሳቅ አሉት፣ ሳቀ። ማታ እቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ዛሬ ያለ ፎጣ ስስቅ ዋልኩ» ያለኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጌሙ ሳያልቅ ልቡ ቆመና ተለየን።

ድርጅትዎ ለዚህ ያደረገልንን መቼም አልረሳም። የሐዘን መግለጫ ላካችሁልን፤ ከዚያም የጌሙን የሙከራ ቅጂ ኮምፒውተራችን ላይ አስጫናችሁልንና ቤተሰቡ ከሙከራ ዳኞች እንደ አንዱ ሆኖ ያየውን እንከን እንዲመዘግብ በክብር ጋበዛችሁን። እኔ ጌም መጫወት አላውቅም፤ ደግነቱ መጫወት አላስፈለገም። በጨዋታው መሃል ተጫዋቹ እጁን አሳርፎ እንደ ፊልም የሚያያቸው ትዕይንቶች አሉ፤ የእኛ ሰውዬ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ቀዛፊ ሴት ልጁን ወንዝ አሻግሮ ወደ ሩቅ አገር ይሸኛታል። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ይስቅላትና «ሂጂ አንቺ፣ እኔ ከዚህ ወንዝ ወዴት እሄዳለሁ?» ይላታል። ሳቁ ወደ ግራ የሚወጣው ያ ሳቅ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ እሱን ትከፍትና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና ታያለች፤ አባዬ ሳቀልኝ ብላ ነው ለምሳ የምትነሳው።

የዳኝነት ግዴታዬን ግን አልዘነጋሁም። ትዕይንቱን ደጋግሜ አይቼ ያገኘሁትን እንከንና ኮሚቴዎ የሰጠበትን ፍርድ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቀዛፊው ከጉዞው በፊት ሾርባ ሲጠጣ ማንኪያው መዳፉን ዘልቆ በእጁ ጀርባ ብቅ ይላል። ሰውዬው አላመመውም፤ ሾርባውንም ጨረሰ። ኮሚቴዎ መርምሮ «ቀላል፤ ጨዋታውን አያውክም» ሲል ፈረደ። እሰይ፣ አበጃችሁ።

ሁለተኛ፣ አንገቱን ባዞረ ቁጥር የኮቱ ኮሌታ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል፤ ከማጅራቱ ያለው ፀጉር ደግሞ ኮሌታውን በስቶ ይወጣል። ባለቤቴ የራሱን ማጅራት በሁለት መስታወት እያየ የሚያስተካክል ሰው ስለነበር ይህች ትንሽ ከንክናኝ ነበር፤ ግን ዳኛ ስሜቱን ይዞ አይቀመጥምና ሆዴን ቻል አድርጌ መዘገብኩ። «ቀላል፤ ጨዋታውን አያውክም።»

ሦስተኛ፣ ጀልባዋ ስትሄድ የሰውዬው ሁለት እግሮች ከወለሏ በታች ውኃ ውስጥ እየተጎተቱ ይታያሉ፤ ጫማው ግን ደርቆ ነው የሚወርደው። በዚያው ላይ ልጅቷ ስታለቅስ እንባዋ ከጉንጯ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ኮሚቴዎ ጠንከር አለና «መካከለኛ፤ ጊዜ ሲገኝ ይታያል» አለ። እኔም ወደ ላይ የሚሄድ እንባ ለበላይ አካል አቤት ሊል ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አራተኛውን የመዘገብኩት እኔ አይደለሁም። የትኛው የሙከራ ዳኛ እንደሆነ ባላውቅም ዓይኑ አይጥፋ፤ ማንኪያውን፣ ኮሌታውን፣ እግሩንና እንባውን ሁሉ በደኅና አልፎ «ቀዛፊው ሲስቅ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል፤ የፊቱ ቀኝ ክፍል አይሠራም» ብሎ ጻፈ። ኮሚቴዎም አላመነታም፤ «ከባድ፤ በአስቸኳይ ይታረም» አለ። ታረመም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስተካክል የኖረ ሰው በሞተ በዓመቱ እናንተ እጅ ላይ ተስተካከለ። አንድም ሐኪም ያላቃናውን ከንፈር በአንድ አፕዴት ቀጥ አደረጋችሁት፤ ማንኪያው ግን እስከ ዛሬ መዳፉ ውስጥ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሌላ ሰው መሆን አለበት።

አፕዴቱ ማንንም ሳያስፈቅድ መጥቶ የድሮውን ቅጂ አጥፍቶ ቦታውን ያዘ። መጀመሪያ ያየችው ልጄ ናት። ከኩሽና ስወጣ ኮምፒውተሩን ትታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ምነው ስላት «ይኼኛው አባዬን የሚያስመስል ሰውዬ ነው፣ ያኛውን አምጪልኝ» አለችኝ። አየሁት። ሁለቱም ጉንጩ እኩል ተነስቷል፤ ጥርሱ በመስመር ተሰልፏል። የባለቤቴ ታላቅ እህት መጥታ ስታይ ደግሞ ፊቷን አጨማዳ «ይኼ ሰውዬ ምን ሊሸጥልን ነው?» አለች። እሷ ባትቀድመኝ ኖሮ እኔም እንደዚያ ማለቴ አልቀረም ነበር። ክቡርነትዎ ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ አንጀቴ ተቃጠለ። ያን ሰው አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ስቀብረው ለቀስተኛ እንኳ አልነበረኝም።

አምስተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር መለየት ስላቃተኝ ይቅርታ ይደረግልኝ። ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። በእንግዳ መቀበያው ትልቁ ስክሪን ላይ ያው የተቃናው ሰውዬ ያለማቋረጥ ይስቃል፤ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እርስዎም ሥራዎን ትተው ወጡ፤ እጄን በሁለት እጅዎ ጨበጡልኝ፤ በማዘንም አዘኑልኝ። ከዚያ በጣም በትሕትና የድሮው ቅጂ በድርጅቱ ዘንድ በደኅና እንዳለ፣ ነገር ግን የተዘጋ ፍርድ የሚከፈተው ሳቁ እንከን ሳይሆን የሰውዬው የራሱ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ።

ማስረጃ ፍለጋ ቤቱን ገለበጥኩት። አፉን ሸፍኖ የኖረ ሰው ምን ማስረጃ ይተዋል? መታወቂያው ላይ አይስቅም። በልጃችን የልደት ፎቶዎች ሁሉ እሱ ከካሜራው ጀርባ ነው። እናንተ ዘንድ የተቀረጸው የመጀመሪያው ፊልም የት ደረሰ ብል ገጸ ባሕሪው ተሠርቶ እንዳለቀ ተሰርዟል ተባልኩ፤ ባለ መነጽሩን ይመስክርልኝ ብል ሥራ ለቋል ተባልኩ፤ ስልኩም አይነሳም። የሐኪም ወረቀት አመጣሁ። ወረቀቱ «በሂደት ይሻለዋል» ስለሚል፣ ኮሚቴዎ ራሱን የሂደቱ አካል አድርጎ ቆጠረ። ቢቸግረኝ የሠርጋችንን ፎቶ ይዤ መጣሁ፤ ከሕመሙ በፊት የተነሳው ነው፤ ቢያንስ ሰውዬው ሰው መሆኑን ይዩልኝ ብዬ ነበር። እርስዎ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዘው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ በደስታ አመሰገኑኝ። ሙሽራው ሁለቱንም ጉንጩን አንስቶ ስለሚስቅ፣ ማስተካከያው ትክክል መሆኑ በዚሁ ተረጋገጠ ተብሎ መዝገቡ ላይ ሰፈረ። ክቡር ሆይ፣ በራሷ ሠርግ ፎቶ በራሷ ላይ የመሰከረች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በመጨረሻ ለዓለሙ ያሻችሁን አሳዩ፣ ለእኛ ለቤታችን ብቻ የድሮዋን ቅጂ ስጡን ብዬ ለመንኩ። «ኮሚቴው ያላጸደቀው ቅጂ ከድርጅቱ ውጭ ሊገኝ አይችልም፤ ጥራት ስማችን ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። ጌሙ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ጀልባ ቀዛፊው በየአገሩ፣ በየሳሎኑ፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት ቀጥ ብሎ ይስቃል፤ ማንም ምን ጎደለ አይልም፤ ምንም አልጎደለምና። ይህ ደብዳቤ አንዳች ነገር ይለውጣል ብዬ አልጻፍኩትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ሞክሬ ነበር፤ ሆዴም እምቢ አለ።

ስለዚህ ለታየው ትዕግሥት፣ ለተጨበጠው እጅ፣ ለተቀመጥኩበት ለስላሳ ሶፋ፣ በተለይም ባለቤቴ ሳይጠይቅ ስላማረለት አዲስ ፊት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዳኞችዎ ያልደከመ ዓይን፣ ለእርስዎም የሚወዱት ሰው ሁሉ እንደ መመሪያው ቀጥ ብሎ እንዲስቅልዎ እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
መዳፉን ማንኪያ የዘለቀው ሰው ባለቤት፣ የእንከን አልባው ሟች ሚስት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ልጄ ፊቷ ምንም ሕመም የለበትም፤ ነገር ግን ሳቅን የተማረችው ከአባቷ ስለሆነ የምትስቀው ወደ ግራ ነው። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ፎቶ አንሺ ሰልፉ እየጠበቀ ነው፣ አፍሽን አስተካክለሽ ሳቂ ብሏት፣ ሊሆንላት ስላልቻለ ሳትስቅ አነሳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳቋ ሲመጣባት አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ እቤት፣ እኔ ፊትም ጭምር። ኮሚቴዎ ሲሰበሰብ ይህንንም ይመዝግብልኝ፤ ከባድ ነው ይላሉ ወይስ ጨዋታውን አያውክም?