በሰም የታሸገው የባሩድ ቀንድ

አቶ ደባሱ ጋሻዬ ከአባታቸው ከአቶ ጋሻዬ ምስጋኑ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመተ ጊዮርጊስ አየለ በላስታ፣ ወይራ አምባ ጊዮርጊስ ደብር ጥር 18 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የደብሩ ንግሥ ስለነበር የተወለዱት በተኩስ ድምፅ መካከል ነው ይባላል። እሳቸው ግን ይህን ወሬ «ማን አይቶ?» እያሉ ሳያምኑት ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚሁ ደብር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። ቅኔ ቤት ሊገቡ ሲሰናዱ አባታቸው ተጎዱና እርሻው በእሳቸው ላይ ወደቀ። የጉዳቱ ምክንያት ጠባያቸውን ስለቀረጸ እዚህ ላይ መነገር አለበት።

አቶ ጋሻዬ ከአባታቸው የወረሱት የባልጩት ጠመንጃ ነበራቸው። ይህ ጠመንጃ ጥይት አያውቅም። ባሩዱ በአፈሙዙ በኩል ይፈስሳል፣ ጨርቅ ይከተለዋል፣ ከዚያ በረጅም ዘንግ ይጠቀጠቃል። ከጎኑ ባለች ትንሽ ሳህን ላይም ቁንጥር ባሩድ ይደረጋል። ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን ገጭቶ እሳት ይተፋል፤ የሳህኗ እሳት በቀጭን ቀዳዳ ገብቶ የውስጡን ባሩድ ያነሣል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ዘመድ ጠመንጃውን ለሠርግ ተውሶ አጎረሰው፤ ሳይተኩስና ሳይናገርም መለሰው። አቶ ጋሻዬ ባዶ መስሏቸው በላዩ ላይ ሌላ ባሩድ ጨመሩበት። ሲተኩሱ ጠመንጃው እንደ በቅሎ ረግጦ ትከሻቸውን ሰበረው፤ ያ ክንድ ከዚያ ወዲህ እርፍ አልያዘም።

አቶ ደባሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንጉን ወደ ጠመንጃው ሰድደው ባዶነቱን ሳያረጋግጡ የማንንም ቃል አልተቀበሉም። ችግሩ ይህን ልማድ ከጠመንጃው አልፈው ለሰው ሁሉ ማድረጋቸው ነው። በ1965 ዓ.ም. ወ/ሮ የሺሃረግ ደምሴን በሥርዓተ ተክሊል ሲያገቡ፣ ሚዜያቸው የቀዳላቸውን ጠላ መጀመሪያ ሚዜው ራሱ እንዲጠጣው አድርገዋል። ሚዜው ወንድማቸው አቶ ደሳለ ነበሩ። አቶ ደሳለም ጠላውን እስከ አተላው ጨልጠው፣ «መርዙ ጣፋጭ ነው፣ ድገመኝ» ብለው ሠርገኛውን አሳቁ። ከዚህ ጋብቻ ወ/ሮ የትናየት፣ አቶ ምስጋኑ እና ወ/ሮ ሰብሌ ተወልደዋል።

አቶ ደባሱ ጎበዝ የገብስ ገበሬ ነበሩ። ከ1988 እስከ 2004 ዓ.ም. ደግሞ በላሊበላ ከተማ በአንድ ሆቴል በጥበቃ ሥራ አገልግለዋል። አንድ ጊዜ አንድ የውጭ አገር እንግዳ በአስጎብኚው በኩል፣ በአገሩ ሰዎች በዕረፍታቸው ቀን ተሰብስበው ልክ እንደ ጥንቱ ባሩድ እየጠቀጠቁ በባልጩት ጠመንጃ እንደሚተኩሱ ነገራቸው። አቶ ደባሱ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ለአስጎብኚው፣ «አዲስ መሣሪያ ሞልቶት በአሮጌ የሚተኩስ አገር የለም። ይኼ ሰው የሚሰልለው ነገር አለ» አሉት። ሆኖም እንግዳው በሄደ ማግስት የጠቀሰውን የባልጩት አቀራረጽ በድብቅ ሞክረውታል። የተሻለ እሳት ሰጣቸው፤ ጥርጣሬያቸው ግን ጨመረ።

ጠመንጃውን የሚተኩሱት ለንግሥ በዓልና ለታላላቅ ሰዎች ቀብር ብቻ ነበር። ባሩዱን የሚያዘጋጁትም በአባቶች ሥርዓት ነው። ከዋሻ ወለል ጨዋማ አፈር አምጥተው ያጥባሉ፣ ውኃውን አፍልተው ጨዉን ያወጣሉ፣ ከከሰልና ከድኝ ጋር ያዋህዱታል፣ በቀንድ ውስጥም ያኖሩታል። ድኙን የሚያመጡላቸው ኩልመስክ ገበያ የሚነግዱት የቆላው ሰው አቶ ሸዕባን ኢክሪማ ነበሩ። ሁለቱ ከሃያ ዓመት በላይ ወዳጆች ሆነው፣ አንዱ የሌላውን በዓል አክብሮ፣ በሐዘንም በደስታም ተጠያይቀው ኖረዋል።

ኅዳር 2000 ዓ.ም. አቶ ደሳለ ዐረፉ። አቶ ደባሱ ለወንድማቸው ክብር ሲሉ በዋዜማው ጠመንጃውን ወልውለው ቱቦውን በለጋ ቅቤ ቀቡት። በማግስቱ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርስ፣ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ በቆመበት፣ ቃታውን ሳቡ። ሳህኗ ላይ ያለችው ባሩድ ቦግ አለች፤ ጠመንጃው ግን ዝም አለ። ቢደግሙትም ያው ሆነ። ከለቀስተኛው መካከል አንድ ሰው በክላሽ ተኩሶ ዝምታውን ሸፈነው። ለአቶ ደባሱ ይህ ከሐዘኑ በላይ ሐዘን ነበር፤ ወንድማቸውን ያለ ክብር የቀበሩ መሰላቸው።

በዚያው ሳምንት ገበያ ወርደው አቶ ሸዕባንን በሰው ፊት፣ «ድኙ ውስጥ አመድ ደባልቀህ ወንድሜን አዋረድክብኝ» አሏቸው። አቶ ሸዕባንም፣ «ወላሂ ደባሱ፣ ሳህኗ ላይ ያለው ከዚያው ባሩድ አይደለም እንዴ? እሱ ቦግ ካለ ድኙ ምን በደለህ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ደባሱ፣ «ደህናውን ከላይ አድርገህ ክፉውን ከሥር ቀብረህ ነዋ» ብለው መለሱ። አቶ ደባሱ ቤት ሲገቡ ወ/ሮ የሺሃረግ፣ «ኧረ ቅቤውን የቀቡት እርስዎ ነዎት። ቅቤ የጠጣ ባሩድ እንዴት ብሎ ይነሣል?» ቢሏቸው፣ «አንቺን ደግሞ ማን ላከሽ?» ብለው ተቆጡ።

ከዚህ በኋላ የተረፈውን ባሩድ ከነቀንዱ አፉን በሰም አሽገው፣ በሰሙ ላይ የቀለበታቸውን ማኅተም አትመው፣ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀሉት። «ማስረጃ ነው» ይሉ ነበር። በየጊዜው እያወረዱ ማኅተሙ እንዳልተነካ ያያሉ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ዓይናቸው ወደዚያው ነው። ሽማግሎች ተደጋግመው፣ «ጠመንጃው ደርቆ ይጠረግና በዚህ ባሩድ ይተኮስ፤ እውነቱ ይታወቅ» ብለው ለምነዋል። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ ቀኑ እርጥብ ነው፣ ሌላ ጊዜ ባልጩቱ ዶልዱሟል እያሉ አሳለፉት።

በዚህ መካከል የተጎዱት አቶ ሸዕባን ነበሩ። የገበያው ሰው «ሸዕባን አመዴ» የሚል ስም አወጣላቸው። በርበሬያቸውን የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ በመዳፉ አሽቶ የሚያሸት ሆነ። ልጃቸው ጀውሀራ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ስትሸጥ፣ «አመዱን ለብቻ መዝኚልኝ» የሚሏት እንደነበሩ ራሷ ነግራናለች። በዚህ ስም ምክንያት አቶ ሸዕባን በመጨረሻ ኩልመስክን ትተው ሌላ ገበያ ለመውረድ ተገደዋል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ገደሉ ሲሸሽ አቶ ደባሱ ጠመንጃውን ከጭድ ሥር ትተው ቀንዱን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ሲመለሱ ጎተራው ባዶ ነበር። በዚያን ጊዜ አቶ ሸዕባን በአህያ የተጫነ ማሽላ ላኩ። አቶ ደባሱ ከማሽላው አንድ እፍኝ አንሥተው በውኃ አጠቡና አመድ እንዳለው ፈተሹ። ውኃው ንጹሕ ሆነ። «ደህና ማሽላ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ግን ለምን ላከልኝ?» ብለው ጠየቁ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥተው እንደነበር ወ/ሮ የሺሃረግ ይናገራሉ።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ልጆቻቸው አሳከሟቸው፤ ክኒኑን ግን ለሁለት ሰብረው ውስጡን ሳያዩ አልዋጡም። በዐቢይ ጾም መጨረሻ አካባቢ ሕመሙ ሲበረታ ቄስ ኢያቄምን እና ሽማግሎችን አስጠርተው ቀንዱ ከማገሩ እንዲወርድ አዘዙ። በሁሉ ፊት የተናገሩት ይህ ነው፦ «እኔ ስሞት ሸዕባን ይጠራ። በገዛ እጁ ያጉርስ፣ በገዛ እጁ ይተኩስ። ከተኮሰ እሱ ንጹሕ ነው፣ በዳዩ እኔ ነኝ፤ ሕዝብ ይስማ።» ቄስ ኢያቄም፣ «ልጄ፣ ታዲያ ለምን ዛሬ አንተኩሰውም? ሰው እንላክና ይምጣ» አሏቸው። አቶ ደባሱ ቀንዱን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ «አይ አባ፣ ይተኩሳል ብዬ ነው የምፈራው። ከተኮሰ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉ።

አቶ ደባሱ ጋሻዬ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ የሺሃረግን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በሐዘን ትተዋል።

ወ/ሮ የትናየት የአባታቸውን ቃል በስልክ ሲነግሯቸው አቶ ሸዕባን፣ «ሞቶም አላመነኝም ማለት ነው?» አሉ። ጥቂት አልቅሰውም፣ «እመጣለሁ። ቱቦውን ግን መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ እኔው እጠርገዋለሁ፤ እናንተም እጄን እያያችሁ» አሉ። ዛሬ ጠዋት እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በሽማግሎች ፊት፣ እንዳሉት አድርገዋል። ማኅተሙም እንዳልተነካ ሁሉም አይቷል።

ቀንዱ ከመከፈቱ በፊት እኛ ቤተሰቦቻቸው አንድ ነገር ልንናገር እንወዳለን። የአሥራ ሰባት ዓመት ባሩድ እርጥበት ሊገባው ይችላል፤ ላይተኩስም ይችላል። ሰው እንዲህ ባለ ፈተና ሊፈረድበት አይገባም። አቶ ደባሱ እንደ ልማዳቸው የጠመንጃውን ምስክርነት መርጠዋል፤ እኛ ግን የሰውየውን እንመርጣለን። ጠመንጃው ቢተኩስም ባይተኩስም፣ አቶ ሸዕባን ኢክሪማ በድኙ ውስጥ አመድ አልደባለቁም። አጎታችን አቶ ደሳለም በማንም አልተዋረዱም። ከኩልመስክ የመጣችሁ ለቀስተኞች ይህን ይዛችሁ እንድትመለሱ፣ ያን ስምም ዳግመኛ በገበያው እንዳታነሡት በአባታችን አስከሬን ፊት እንለምናችኋለን።

የሰውን ልብ ሳይጠረጥር የሚያውቅ አምላክ የአባታችንን ነፍስ የተጨነቀ ሁሉ ከሚያርፍበት ያሳርፍልን፤ የአቶ ሸዕባንንም ዕድሜ ያርዝምልን።

ከቅጥሩ ውጭ ያላችሁ በቅሎዎቻችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ እናቶችም የሕፃናቱን ጆሮ ሸፍኑ። አቶ ሸዕባን፣ ይቅረቡ።