ከካውያው በላይ የደበቅኩት ብልቃጥ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንዴት ከርመሻል? የእግርሽ መደንዘዝ ተወሽ? ውሃ ጥሙስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔን ግን እስከ መጨረሻው አንብበሽ ፍረጂ።

ልጅሽ እንደጻፈችልኝ ኢንሱሊን መወጋት ትተሻል። ቁርስና እራት እየዘለልሽ፣ ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል ትያለሽ አሉ። ሰፈሩን ሁሉ የምትመክሪው ሴትዮ ለራስሽ ሲሆን እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ አልጠበቅኩም። ተናድጄብሻለሁ።

እኔም ስኳር አለብኝ፣ እትዬ። መርፌ መወጋት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ። ልብስ በምተኩስበት ላውንደሪ ውስጥም ደበቅኩ፤ አሠሪዬ በሽተኛ ናት ብላ እንዳታሰናብተኝ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ከእንፋሎት ካውያው በላይ ባለው መደርደሪያ፣ ከሸሚዝ ቁልፎች ሣጥን ኋላ አስቀመጥኩት። ለካስ ሙቀቱ መድኃኒቱን አበላሽቶታል። ሳላውቅ አራት ቀን እሱኑ ተወጋሁ። በአራተኛው ቀን አፌ ደርቆ፣ የሰው ሸሚዝ እንደታቀፍኩ ወደቅኩ። ያኔም ያሳሰበኝ የሸሚዙ መጨማደድ ነበር። አሠሪዬ ስትሰማ የተቆጣችው ስለደበቅኳት ነው፤ አሁን ብልቃጡ ምሳዋን በምታስቀምጥበት ፍሪጅ ውስጥ ነው።

የተወሰድኩበት ሐኪም ቤት ያለችው ነርስ በደንብ አስረዳችኝ። የምንበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ከደም ወጥቶ ለሰውነታችን ጉልበት እንዲሆን ግን ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሰውነት ግን ይራባል። የተረፈው ስኳር ውሃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል፤ ጥማቱም መክሳቱም ከዚያ የመጣ ነው። እኔም እንዳንቺው፣ ካልበላሁስ ብዬ ጠየቅኳት። ጉበት ራሱ ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል አለችኝ። ስለዚህ ጦምሽን ብትውዪም ስኳሩ ከፍ ይላል፣ አንቺ ግን ትመነምኛለሽ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ መጠኑን እነሱ ይንገሩሽ። ተወግተሽም ምግብ እንዳትተዪ፣ ያኔ ደግሞ ስኳርሽ ከልክ በታች ወርዶ ይጥልሻል። እኔ ካንቺ ሌላ እህት የለኝም።

ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ነገሩን አወጣሽ ብለሽ እንዳትቆጪያት። ለጋሼ፣ ለባለቤትሽ፣ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሻዩን አንቺ ፊት እንዳያጣፍጥ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። የእኔንም ነገር አንቺው ንገሪያት፤ ሁለቱም ልጆችሽ መርፌያቸውን ይወጋሉ በያት። ውሸት እንዳይሆንብሽ ግን መጀመሪያ ተወጊ።

ታናሽ እህትሽ
ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት ፲፪ ቀን