ከውጤት ወረቀቱ ላይ ስለጠፋችው አንዲት መስመር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ጤናዎ፣ በተለይም ደምዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ ተኝቶ የነበረው ታማሚ ታላቅ እህት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ብዕር አንስቻለሁ።

አንደኛ፤ ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ የሚባለውን መሣሪያ ስላስመጡልን አመሰግናለሁ። ወንድሜ ለአንጀቱ የሚወስደው መድኃኒት ሰውነቱ ውስጥ ወደ ምን እንደተለወጠና ምን ያህል እንደተጠራቀመ ከደሙ ለይቶ የሚለካ ነው። ያ ነገር ሲያንስ በሽታው ያገረሻል፤ ሲበዛ ደም የሚሠራውን መቅኒ ይገድላል።

ሁለተኛ፤ የመሣሪያውን ክፍል ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው፣ የሦስት ቀን ስብሰባ መሄድዎ ለንብረት ያለዎትን ጥንቃቄ ያሳያል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የወንድሜን ደም ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «ይኼ የምንለካው ድኝ ያለበት ውህድ ሙቀት አይችልም፤ ይፈርስና ቁጥሩ ያንሳል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ውስጥ ነው» አለችኝ። ደሙ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ሰነበተ።

ሦስተኛ፤ ሲመለሱ ባለሙያዋ ሌላ ደም ልቅዳ ብላ ብትለምንዎ፣ «ዛሬ እንግዶች አሉ፤ ውጤት ይውጣ» ብለው ሥራውን ስላፋጠኑልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። እሷም ለካችና ከቁጥሩ ሥር፣ «ናሙናው ተበላሽቷል፤ በዚህ ውጤት መድኃኒት አይታዘዝ» የምትል መስመር ጻፈች። እርስዎ የመሣሪያውን ስም ታጠፋለች ብለው መስመሯን አስወጡ። ሐኪሙም ዝቅተኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ መድኃኒቱን እጥፍ አደረገው። እሱን አልቀየመውም፤ የተሰጠውን ነው ያነበበው።

እጥፉን መውሰድ በጀመረ በአሥራ ስምንተኛው ቀን የወንድሜ አፍ ቆሰለ፤ ትኩሳቱም አልወርድ አለ። «እትዬ፣ መርፌሽን ጉሮሮዬ ውስጥ ረስተሽ ነው» አለኝ። ሳቅሁለት። ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋኝ። ባለሙያዋ ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ የመጀመሪያውን ወረቀት ግልባጭ ሰጥታኛለች። መስመሯ ትመለስ በማለቷ ዕቃ ግምጃ ቤት ጓንት እንድትቆጥር መድበዋታል፤ የምርምር ሰው አያያዝዎ ያስቀናል። የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፤ መስመሯ ወደ ወንድሜ ፋይል፣ ሴትዮዋ ወደ መሣሪያዋ ይመለሱ።

ትዕግሥትን በእርስዎ ደጅ ተምራ የጨረሰች፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሟቹ እህት

ማስታወሻ፦ ትናንት ከመዝገብ ክፍል ተደውሎ፣ ወንድሜ ለቀጣዩ የደም ምርመራ ሰዓት እንዲያከብር ተነገረኝ። መምጣት አይችልም፤ ሆኖም ውጤቱን ያለ እሱም እንደሚያወጡት አልጠራጠርም።