ጀርመንኛ በለሆሳስ

ኅዳር 6 ቀን 2002 ዓ.ም.
ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ ጢም ብሎ ሞላ። ወንድሜ ጂራ በዲሹ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ከፈተ፤ እኔ እንደ ሁሌው በር ላይ ትኬት ቆራጭ። "ቲገር ነው!" "የለም፣ ፓንተር ነው!" በአንድ የጀርመን ታንክ ስም ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ዳኛዋ እኔ። "ፓንተር ነው። የፊት ብረቱ ጋደም ይላል፣ የቲገር ግን ቀጥ ያለ ነው" ብዬ ፈረድኩ። ሁሉም ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አምቦ ውስጥ ሳይተናነቃት "ሽቱርምገሹትስ" ብላ የታንክ ስም የምትጠራ ሴት ሌላ ማን አለች? ... ትዕቢት!

ኅዳር 9
ኦቦ ጋሮማ ደወሉ! በእኛ አገር በሐሮ ወንጪ ሐይቅ የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። አንድ አስጎብኚ ሊጨምሩ ነው። ቅጠሩኝ ብዬ ስለምናቸው "ሴት ልጅ ያን ቁልቁለት ፈረስ እየሳበች?" ሲሉኝ የኖሩ ሰውዬ ዛሬ...
"ዱረቲ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እሁድ ጀርመኖች ይመጣሉ። ጀርመንኛ ትችያለሽ አሉ። ሞክሪና እናያለን።"
የጂራ ወሬ ነው! "የታንክ ስም ብቻ ነው የማውቀው" ልል ነበር። "ኢሺ፣ ገለቶማ" ብዬ አመስግኜ አረፍኩት። ጉድ ፈላ።

ኅዳር 12
ስለማመድ ዋልኩ። ያስተማረኝ የፊልሙ ተራኪ ስለሆነ እንደሱ እጮሃለሁ። ጂራ በሳቅ ሞተ። "እንግዳ ልትቀበይ ነው ወይስ ልትማርኪ?" ትርጉሙን ደግሞ አላውቀውም። ቬስፔ... ሁመል... የመድፍ ነገር ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ሊሆን?

ኅዳር 13
ገና አሁን ከሐሮ ወንጪ መመለሴ ነው።
አራት ሽማግሌ ጀርመኖች። ገና ከመኪና ሲወርዱ ደረቴን ነፍቼ "ፓንተር! ቲገር! ቬስፔ! ሁመል!" ፈረሶቹ ደነበሩ። ያንዱ እንግዳ ባርኔጣ ወደቀ። ኦቦ ጋሮማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አለቀልኝ፣ አልኩ።
ኢንግሪድ የሚባሉት አሮጊት ግን ሳቁ። በእንግሊዝኛ "ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?" አሉኝ። የጦርነት ፊልም፣ አልኳቸው። ሳቃቸው ቀነሰ። የፈረሳቸውን ልጓም ይዤ ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ በአንድ ፈቱልኝ። ቬስፔ ተርብ ነው። ሁመል ወፍራሟ ፀጉራም ንብ። እኔ እኮ ብረት ብቻ መስሎኝ...
ሐይቁ ዳር ስንደርስ "ቲገር" አሉ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ በለሆሳስ። "አባቴ እዚያ ውስጥ ነበር። አልተመለሰም።"
ስንቴ ሲቃጠል እያየሁ አጨብጭቤያለሁ። እጃቸውን ያዝኩ፣ አብረን አለቀስን። ጀልባ ላይ ግን የወፉን፣ የውሃውን፣ የፈረሱን ስም አስተማሩኝ፤ ስሳሳት እየሳቁ። ኦቦ ጋሮማ ከሩቅ ያዩናል። ለቅሶውን ብቻ አይተው እንዳይሆን...

ኅዳር 14
ኦቦ ጋሮማ አልደወሉም። ቪዲዮ ቤት ቲገሩ ሲነድ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ኅዳር 16
ቁርጤን ልወቅ ብዬ ሐሮ ወንጪ ሄድኩ።
"እንግዳዬን ለምን አስለቀስሽ?" አሉኝ ኦቦ ጋሮማ። የኢንግሪድን አባት ነገርኳቸው። ጀርመንኛ እንደማልችልም ጨመርኩ። ከመጣ ይምጣ!
ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ፦ "እኔም ታንከኛ ነበርኩ።"
በደርግ ጊዜ ወታደር እንደነበሩ አውቃለሁ። ይሄን ግን ማን ያውቃል?
"ውስጡ ያፍናል፣ ዱረቲ ኮ። አራት ነበርን። ታንኩን ቦራ ነበር የምንለው፣ በአባቴ ፈረስ ስም። እኔ ወጣሁ። ሦስቱ ቀሩ።"
የሦስቱን ስም ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ... እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው የለም መሰለኝ። አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ ከነአገራቸው። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ደገምኳቸው፤ እንዳልሳሳት።
ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "በይ፣ ከነገ ጀምሮ ከአስጎብኚዎቹ ጋር ተራ ትይዣለሽ። ብቻ ፈረሶቼን እንዳታስደነብሪ።"